በጨረታ ስም የሚጠየቅ ቅድመ ክፍያ፦ ገንዘቡ በማን ስም ይገባል?

«በጉምሩክ የተወረሱ ተሽከርካሪዎች በጨረታ ይሸጣሉ»፣ «ባንክ በዕዳ የያዘው ቤት በቅናሽ ዋጋ» የሚሉ ማስታወቂያዎች በቴሌግራምና በፌስቡክ ይዘዋወራሉ። አንዳንዶቹ የትክክለኛ ጨረታ ማስታወቂያዎች ናቸው። ሌሎቹ ግን ከትክክለኛው ተገልብጠው ስልክ ቁጥራቸውና የሒሳብ ቁጥራቸው ብቻ የተቀየረ ነው። እነዚህን ለመለየት የሚያስቸግረውም አብዛኛው ይዘታቸው እውነት መሆኑ ነው።

ፍላጎቱን የገለጸ ሰው «ሌላ ገዢ ሊከፍል ነው» ተብሎ ይጣደፋል። ቀጥሎም የጨረታ ማስከበሪያ፣ የሰነድ መግዣ ወይም ቀብድ በሚል ገንዘብ ወደ ግለሰብ ሒሳብ እንዲያስተላልፍ ይጠየቃል። ከከፈለ በኋላ የማጓጓዣ፣ የቀረጥ፣ የስም ማዛወሪያ እየተባለ ጥያቄው ይቀጥላል። ሁለተኛውን ክፍያ የሚፈጽም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው የመጀመሪያው እንዳይቀርበት ብሎ ነው።

ሕጋዊ ጨረታ ግን እንዲህ አያጣድፍም። ማስታወቂያው የመዝጊያና የመክፈቻ ቀንና ሰዓት ይጠቅሳል፤ ንብረቱ የሚጎበኝበት ቦታም ይገለጻል። ማስከበሪያው በአብዛኛው በሲፒኦ የሚቀርብ ሲሆን፣ ሲፒኦው የሚዘጋጀው ጨረታውን ባወጣው ተቋም ስም ነው። ለተሸናፊዎችም ይመለሳል። «የፋይናንስ ኃላፊው የግል ሒሳብ ነው፣ ለጊዜው በዚያ ይግባ» የሚል ማብራሪያ፣ ምንም ያህል በትሕትና ቢነገር፣ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በሴኮንዶች ማስተላለፍ የዕለት ተዕለት ተግባር ሆኗል። ፍጥነቱ ለሐቀኛውም ለአታላዩም እኩል ያገለግላል። ባለሒሳቡ ራሱ በምሥጢር ቁጥሩ ያጸደቀው ዝውውር እንደተፈጸመ ይቆጠራል፤ ተቀባዩም ወዲያውኑ ሊያወጣው ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያፈረሰ ወገን እጥፍ እንዲመልስ ያዛል። ይሁን እንጂ ይህን መብት ለማስከበር የሚከሰሰው ሰው ማንነትና አድራሻ መታወቅ አለበት። ከሐሰተኛ ስም ጋር የተዋዋለ ገዢ የሚጎድለውም ይኸው ነው።

ስለዚህ ማጣራቱ ከክፍያ በፊት መከናወን አለበት። ወደ ተቋሙ የሚደወለው በማስታወቂያው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ከሌላ ምንጭ በተገኘ ቁጥር ነው፤ ከተቻለም በአካል መሄድ ይመረጣል። የባንክ መተግበሪያዎችና ቴሌብር ዝውውሩ ከመጽደቁ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያሉ። ብዙ ሰው ይህን ገጽ ሳያነብ ያልፈዋል። በዚያ የሚታየው ስም የተቋሙ ካልሆነ ክፍያውን ማቋረጥ ይገባል። ከግለሰብ ሻጭ የሚገዛ ሰው ደግሞ ዕቃውን ዓይቶና ተረክቦ ቢከፍል ይሻለዋል።

ገንዘቡ ከተላለፈ በኋላ የተጠራጠረ ተገልጋይ በቅድሚያ ለባንኩ ወይም ለቴሌብር የደንበኞች አገልግሎት ማሳወቅ፣ ሳይዘገይም ለፖሊስ ማመልከት ይኖርበታል። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ማንነትን አሳስቶ በማቅረብ ወይም አሳሳች መረጃ በማሰራጨት ሰውን ማታለል በወንጀል ያስቀጣል። ለአቤቱታው የዝውውሩ መለያ ቁጥር፣ የተቀባዩ ስምና ሒሳብ፣ የማስታወቂያው ምስልና የተለዋወጧቸው መልእክቶች ያስፈልጋሉ። አታላዮች ውይይቱን ከሁለቱም ወገን ሊሰርዙት ስለሚችሉ፣ መልእክቶቹ ግለሰቡን ከመጠየቅ በፊት በምስል ተቀድተው መያዝ አለባቸው።