ፊሽካ የያዘው ሰው ልቡ ብረት አይደለም

ጥር 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ እየተካሄደ ነው። ሴኔጋል ከቡርኪናፋሶ። ፊሽካው ያለው በኛው ኢንተርናሽናል ዳኛ በባምላክ ተሰማ እጅ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ባምላክ ለሴኔጋል ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ወደ ቪዲዮው ተጠርቶ ምስሉን ካየ በኋላ ውሳኔውን ሻረ። ዕረፍት ሳይወጡ ደግሞ ሁለተኛ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። እሱም በቪዲዮ ታይቶ ተሻረ።

እንግዲህ አስቡት። በአንድ አጋማሽ ሁለት ጊዜ፣ አህጉሩ በሙሉ እያየ፣ የራስን ውሳኔ መሻር እንዲህ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላው ሰው ሥራው ላይ ቢሳሳት ወጣ ብሎ ሻይ ይጠጣል፤ ነገሩ እስኪበርድ ይጠብቃል። ዳኛ ግን ይህ ዕድል የለውም። ኳሷ ወዲያው ትንቀሳቀሳለች፣ እሱም ሦስተኛውን ውሳኔ መወሰን አለበት። ጨዋታው በሴኔጋል 3 ለ 1 አሸናፊነት ተጠናቀቀ። አራቱም ጎሎች የገቡት ከ70ኛው ደቂቃ ወዲህ ነው።

በስፖርቱ መንደር የተለመደው አባባል «ዳኛ ልበ ደንዳና መሆን አለበት» የሚል ነው። የማይችል ይውጣ፣ የሚችል ይቆይ እንደማለት። ይህ አባባል ግን ትክክል ነው ወይ? ጥንካሬ ከሰውዬው ጋር አብሮ የሚወለድ ነው ወይስ የሚገነባ?

በቅድሚያ ሥራውን እንመልከት። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ ዋንጫ ላይ የተደረገ ጥናት አንድ ዳኛ በአንድ ጨዋታ በአማካይ 137 የሚታዩ ውሳኔዎችን እንደሚሰጥ አረጋግጧል። «ይቀጥል» ብሎ ያለፋቸው እዚህ ውስጥ የሉም። ይህን ሁሉ የሚወስነው ደግሞ እየሮጠ፣ ልቡ እየመታ፣ ትንፋሹ እያጠረ ነው። በ2002 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ የወጣ ሌላ ጥናት ለ40 ዳኞች የአንድን ጨዋታ ቪዲዮ አሳየ፤ ለአንዳንዶቹ ከደጋፊው ጩኸት ጋር፣ ለሌሎቹ ያለድምፅ። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ቡድን ላይ የሰጡት ጥፋት ካልሰሙት በ15 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ! ማንም አልሰደባቸውም፣ ማንም ድንጋይ አልወረወረባቸውም። ወንበር ላይ ተቀምጠው ድምፅ ብቻ ነው የሰሙት። ጫና ክፉና ደካማ ሰው መርጦ አይመታም፤ ሰው የሆነን ሁሉ ይነካል።

አሁን ወደ ሦስት ዳኞች ታሪክ እንለፍ።

የመጀመሪያው ስዊድናዊው አንደርስ ፍሪስክ ነው። መስከረም 2004 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ ከተመልካች በተወረወረ ነገር ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ እየወረደ ከሜዳ ወጣ። ያኔ ሥራውን አልተወም። በየካቲት 2005 ግን ባርሴሎና ቼልሲን 2 ለ 1 ያሸነፈበትን ጨዋታ ከመራ በኋላ ጆዜ ሞሪንሆ የባርሴሎናው አሰልጣኝ ራይካርድ በዕረፍት ሰዓት ወደ ዳኛው ክፍል ገብቷል የሚል ክስ አሰማ። ከዚያ በፍሪስክና በቤተሰቡ ላይ የግድያ ዛቻ ጎረፈ። በቀጣዩ ወር ፍሪስክ በ42 ዓመቱ ፊሽካውን ሰቀለ። ዩኤፋ ሞሪንሆን በሁለት ጨዋታና በገንዘብ ቀጣ፤ ዳኛው ግን አልተመለሰም። የተፈነከተ ግንባር ያላስቆመውን ሰው ያስቆመው ቤቱ ድረስ የገባ ፍርሃት ነው።

ሁለተኛው ጀርመናዊው ባባክ ራፋቲ ነው። የቡንደስሊጋ ተጫዋቾች በሚሰጡት ድምፅ ከአንድ ጊዜ በላይ የከፋ ዳኛ ተብሎ ተመርጧል። ኅዳር 2011 (እ.ኤ.አ.) ኮሎኝ ከማይንዝ በሚጫወቱበት ቀን ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ራሱን ለማጥፋት ሞከረ። በሆቴል ክፍሉ ደርሰው ያተረፉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ጨዋታው ተሰረዘ። ራፋቲ ታክሞ ድኗል፤ በኋላም መጽሐፍ ጽፎ፣ በየመሥሪያ ቤቱ እየዞረ ስለ ሥራ ጫናና ስለ ድብርት የሚያስተምር ሰው ሆኗል። ውጪው ጠንካራ የሚመስል ሰው ውስጡ ምን እንደተሸከመ የሚታወቀው የሚጠይቀው ሰው ሲኖር ብቻ ነው። አበው «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» የሚሉት ለዚህ ይሆናል።

ሦስተኛው ቱርካዊው ሀሊል ኡሙት ሜለር ነው። ታኅሣሥ 2023 (እ.ኤ.አ.) አንካራ ላይ ጨዋታው 1 ለ 1 ሲያልቅ የባለሜዳው ክለብ ፕሬዚዳንት ሜዳ ገብቶ ፊቱን በቡጢ መታው፤ መሬት ላይ ወድቆም ተረገጠ። የቱርክ ፌዴሬሽን ግን ነገሩን አድበስብሶ አላለፈም። ሊጎቹን በሙሉ አቆመ፣ ፕሬዚዳንቱን ከእግር ኳስ አገደ፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደርሶ እስራት ተፈረደበት። ሜለርስ? ወደ ሜዳ ተመለሰ። በሰኔ 2024 ጀርመን ላይ በአውሮፓ ዋንጫ ቤልጂየምና ስሎቫኪያን አጫወተ።

ፍሪስክ ከሜለር የደከመ ሰው ነበር ማለት ይቻላል? በጭራሽ። ልዩነቱ ያለው ከጀርባቸው በቆመው ላይ ነው። አንዱ ከዛቻው ጋር ቤቱ ብቻውን ቀረ፤ ለሌላው አገር ሙሉ ሊግ ቆመለት። እኛ «የመንፈስ ጥንካሬ» የምንለው ነገር ግማሹ ከሰውዬው፣ ግማሹ ከመሥሪያ ቤቱ የሚመጣ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ አብዛኞቹ ዳኞቻችን ሌላ የእንጀራ ሥራ ያላቸው ናቸው። በ2015 እና በ2019 (እ.ኤ.አ.) በሴቶች የዓለም ዋንጫ ያጫወተችው ሊድያ ታፈሰ የፋርማሲ ባለሙያ ናት። እሁድ ሲሰደብ የዋለ ዳኛ ሰኞ ጠዋት ቢሮው ይገባል፤ «እንዴት ነህ?» የሚለው የለም። በ2010 ዓ.ም. ዳኛ ላይ በደረሰ ድብደባ ፕሪሚየር ሊጉ እስከ መቋረጥ መድረሱን የምንረሳው አይደለም። ለነገሩ ሊጉ ከተቋረጠ በኋላ መጮህ ቀላል ነው፤ ጥያቄው በማግስቱ ከዳኛው ጋር ማን ተቀምጦ ተነጋገረ የሚለው ነው።

ምን ይደረግ ለሚለው፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ዳኛ ሩጫ እንደሚለማመድ ሁሉ ከስህተት በኋላ መመለስንም ይለማመድ፤ ትንፋሽ መሰብሰብ፣ ለስህተቱ ከጨዋታው በኋላ ቀጠሮ መስጠት፣ ማካካሻ አለመስጠት። «ያኛውን በድዬዋለሁና ይኼን ልስጠው» ያለ ዳኛ ሁለት ጊዜ ነው የሚሳሳተው። ሁለተኛ፣ ከጨዋታ በኋላ አራቱ ዳኞች ከአንድ ነባር ዳኛ ጋር ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ሰዓት ይኑር። ይህ ውጤት ከሚሞላው የኮሚሽነር ሪፖርት የተለየ መሆን አለበት፤ ነጥብ የሚቆረጥበት ሰው ጭንቀቱን አይናገርም። ሦስተኛ፣ ጥቃት የደረሰበት ዳኛ ዕረፍትና የሥነ ልቦና ባለሙያ ያግኝ፤ አጥቂውም ሳይውል ሳያድር ይቀጣ።

ይህ ለዳኛ ብቻ የሚባል አይደለም። ድንገተኛ ክፍል የምታድር ነርስ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚውል ትራፊክ ፖሊስ፣ አምቡላንስ የሚያሽከረክር ሾፌር፣ ሁሉም በየቀኑ የራሳቸው ፍጹም ቅጣት ምት አለባቸው። «ቻሉት» ብቻ ብሎ የሚያሰማራቸው አለቃ አንድ ቀን ፊሽካቸውን ሰቅለው ሲሄዱ ሊገርመው አይገባም።

በመጪው እሁድ ስታዲየም የምንገባ ሰዎችም ድርሻ አለን። ዳኛው ይሳሳታል፤ እንቃወማለን፣ እናጉረመርማለን፣ የኳስ ወጉ ነው። እናቱንና ልጆቹን ግን ሜዳ ውስጥ አናስገባቸው።