ዋና ከተማውን ዘሎ የሚያልፍ ጉብኝት

ቅዳሜ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ሰው ዕቅዱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ ፈረስ መጋለብ፣ ቡና መጠጣት፣ አዲስ አበባን ቁልቁል እያዩ ፎቶ መነሣት፣ ከዚያ መመለስ። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ ልማዱን አጠናክሮታል። ፓርኩ መሠራቱ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ ለጠበበባት ከተማ ትልቅ ስጦታ ነው። ጥፋቱ «እንጦጦ ማለት ንጹሕ አየር ነው» በሚለው አስተሳሰብ ላይ ነው።

እንጦጦ ዋና ከተማ ነበር።

ምኒልክ ከአንኮበር ተነሥተው እዚህ የከተሙት ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1887 እ.ኤ.አ. ጠመንጃ ሊሸጥላቸው የመጣው ወደዚሁ ተራራ ነው። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥታቸው እዚያው አጠገብ ቆሟል፤ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር። እግር ጥሎት የደረሰ ጎብኚ ግን «በቃ ይኼው ነው?» ብሎ ፊቱን ያዞራል። አዎ፣ ይኼው ነው! የዓድዋው ድል አድራጊ በጭቃ ቤት መኖሩ ቆም ብሎ ሊታይ የሚገባው ነገር ነው።

በሌላ አገር ትንሽነት እንዲህ ፊት አያስዞርም፤ የማልታ ዋና ከተማ ቫሌታ ስፋቷ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ለአጭር ዕረፍት የሚሄድባት ሰው ግን ጠባብ መንገዶቿን በእግሩ ይዞራል፣ ካቴድራሏን ገብቶ ያያል። ትንሽነቷን ማንም እንደ ጉድለት አይቆጥርባትም።

በፓርኩ የሚደነቀው ባሕር ዛፍ እንኳ የዚያች የተራራ ከተማ ውርስ ነው። የቤተ መንግሥቱና የሠራዊቱ ማገዶ አገር በቀሉን ጽድ አመናመነው፤ ብርዱም በረታ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ቤተ መንግሥቱም ኋላ ተከትሏቸው ወረደ። የማገዶ እጦቱ ግን አዲስ አበባም ድረስ ስለተከተለ፣ መላ ተብሎ የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ ተተከለ። የእንጦጦ እናቶች ለአሥርት ዓመታት ወገባቸው እስኪጎብጥ ወደ ገበያ የተሸከሙት ይህንኑ ዛፍ ነው። ጎብኚው ከጥላው ሥር ሲያርፍ ይህን የሚነግረው ሰው ሊኖር ይገባል።

እናም አስጎብኚዎች፣ የትምህርት ቤት መምህራን፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትወጡ ወላጆች፦ ጉዞውን ከማርያም ጀምሩት። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለውን ሙዚየም ግቡ፣ ቤተ መንግሥቱን ዙሩ፣ ግድግዳውን ልጆቹ ቀረብ ብለው ይዩት። ፈረሱ ከዚያ በኋላም ይደረስበታል።