«ፊደሉ የታለ?»

ለዚህ እትም ስለ ሬዲዮ ድራማ ልጽፍ ነበር ያሰብኩት፤ አክስቴ አስቀየረችኝ።

አክስቴ ጡረታ እስክትወጣ እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ በአንድ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ መጀመሪያ የገባችው በታይፒስትነት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቤት ባለው አሮጌ ኮምፒውተር አሳይመንት ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብላ አየችኝና፣ «አንተ፣ ፊደሉ የታለ?» አለች። እውነቷን እኮ ነው። ቁልፎቹ ላይ ያለው ኤ፣ ቢ፣ ሲ ነው። «ሰ»ን ለማግኘት ኤስን፣ ቀጥሎ ኢን እነካለሁ። «አማርኛውን በእንግሊዝኛ ነው የምትጽፈው ማለት ነው?» ብላ ሳቀች።

በእሷ ኦሊቬቲ ላይ እንዲህ አልነበረም። ቁልፉን ስትጫኑት ከሥሩ ያለው ዘንግ ጫፉ ላይ ፊደል የተቀረጸበትን ብረት ያነሳል፤ ብረቱ ባለቀለሙን ሪባን ወረቀቱ ላይ ይመታዋል፤ ወረቀቱን የያዘው ጋሪ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ይሄዳል። መሥመሩ ሊያልቅ ሲል ደወሉ ቅጭል ይላል። ችግሩ ቁልፎቹ ከ50 አይበልጡም፤ አንዱ ሁለት ምልክት ቢይዝ እንኳ መቶ አይሞላም። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 በ7፣ 231 ነው፤ እነ «ሏ»ን ሳንቆጥር። እንዴት ይግባ? ኢንጂነር አያና ብሩ መላ የዘየዱት እዚህ ላይ ነው። የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለያዩት፤ ታይፒስቷ መልሳ ትገጣጥመዋለች። መልኩ ተበላሸ ብለው የተቹ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። አክስቴ ባስቀመጠቻቸው ወረቀቶች ላይ ቅጥያው ከአካሉ ፈቀቅ ብሎ ያረፈበት አለ። ቢሆንም ቁልፉ ላይ የነበረው የራሳችን ፊደል ነው።

ኮምፒውተር ሲመጣ የቦታ ጣጣ ቀረ። በፈረንጆቹ 1985 የወጣው የአይቢኤም ሞዴል ኤም ኪቦርድ ከየቁልፉ ሥር ሞላ አለው፤ ሞላው ሲታጠፍ «ቀጭ» ይላል። ወረቀት የሚመታ ብረት ግን የለም። ቁልፉ «ተነካሁ» ብሎ ይናገራል፤ ፊደሉን የሚመርጠው ፕሮግራሙ ነው። ዩኒኮድ ፊደላችንን በ1999 ተቀበለ፤ በ2007 ለገበያ የዋለው ዊንዶውስ ቪስታም የአማርኛ ኪቦርድ ነበረው። ታዲያ ቁልፉ ላይ ማተም ምን ከለከለን? የሚቀረው እኮ ቀለም ብቻ ነው!

«ለምደነዋል» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። እሱማ እንግሊዝኛውን ቀድሞ ስለቆጠረ ነው። አክስቴ ቁልፉን ሳታይ ነበር የምትጽፈው፤ መሥሪያ ቤቷ ኮምፒውተር ሲያስገባ ግን ጣቶቿ የሚያውቁት ሁሉ ባዶ ሆነ፤ ወደ መዝገብ ቤት አዛወሯት። አማርኛ ሳይጠፋባት! ዛሬም አማርኛ አንብቦ እንግሊዝኛ ያልቆጠረ ሰው ኪቦርድ ፊት እንደ መሃይም ይቀመጣል።

ስለዚህ ትምህርት ክፍላችንን አንድ ነገር እለምናለሁ፦ ለላቦራቶሪው ኪቦርድ ሲገዛ ፊደል ይለጠፍበት። እኛ ቤት ጀምረናል። አክስቴ በብዕር ጻፈች፣ እኔ በፕላስተር ለጠፍኩ። «ሰ» ትናንት ተላቃ ወደቀች፤ ዛሬ ማታ እንመልሳታለን።