ተሸናፊውን ያራከሰ አሸናፊውን አራከሰ

ሩጫ በተነሣ ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ላይ ማረፉ አይቀርም። ማረፉስ ባልከፋ፤ የሚከፋው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ኃይሌን የማይወድ አንዱ «ለመሆኑ ማንን አሸነፈና ነው? ያንን ሁልጊዜ ሁለተኛ የሚወጣ ኬንያዊ አይደል እንዴ!» ይላል። ኃይሌን እወዳለሁ ባዩ ደግሞ መልስ የሰጠ መስሎት «ቴርጋትማ ለኃይሌ ቁርሱ ነበር» ብሎ ያሟሙቃል። ልብ በሉ፤ የማይስማሙ ሁለት ሰዎች በአንድ ሐሰት ተስማሙ። አንደኛው ኃይሌን ለማሳነስ ቴርጋትን ያሳንሳል፤ ሁለተኛው ኃይሌን ለማግነን ያንኑ ቴርጋትን ያሳንሳል። የመጀመሪያው ቢያንስ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ሁለተኛው ግን ጀግናውን በገዛ እጁ እየቀበረው ነው። የቁርስ ያህል የቀለለን ሰው ማሸነፍ ምን ያስመሰግናል?

እኔ የምለው ሌላ ነው። ፖል ቴርጋት በረጅም ርቀት ሩጫ ከታዩት ታላላቆች አንዱ ነው፤ የኃይሌም ታላቅነት የተፈተነው በዚህ ሰው ነው።

ይህ ዓይነቱ ሙግት በቦክስ መንደር ያረጀ ነው። የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ስም ሲጠራ «ማንን ጣለ?» መባሉ አይቀርም። ጆ ሉዊስ ከ1937 እስከ 1949 (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ክብሩን 25 ጊዜ አስጠብቋል። ከ1940 መጨረሻ ጀምሮ በየወሩ ማለት ይቻላል ሲጋጠም ጊዜ የአሜሪካ ጋዜጠኞች ተጋጣሚዎቹን «የወሩ ውዳቂ» እያሉ ተሳለቁባቸው። ፌዙ ሳይበርድ በ1941 ሰኔ ላይ ቢሊ ኮን መጣ። ከሉዊስ በክብደት እጅግ የሚያንስ ሰው ነበር። እስከ 12ኛው ዙር መጨረሻ ግን በነጥብ የሚመራው እሱ ነበር፤ በ13ኛው ዙር ሻምፒዮኑን በዝረራ ላሸንፍ ብሎ ሲጋፈጥ ራሱ ተዘረረ። መዝገቡ ላይ የሰፈረው እንደ ሌሎቹ ሁሉ «ተሸነፈ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ነገር ግን ሉዊስ በዚያ ሌሊት ምን ያህል ታላቅ እንደ ነበረ የሚመሰክርለት ከኮን የበለጠ ማን አለ?

ሙሐመድ አሊም በ1974 ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን በስምንተኛው ዙር ሲጥል ዓለም የተደነቀው ፎርማን ደካማ ስለ ነበረ አይደለም። ፎርማን ጆ ፍሬዘርን ስድስት ጊዜ መሬት አስነክቶ በሁለት ዙር፣ ኬን ኖርተንንም በሁለት ዙር የጨረሰ ሰው ነበር። ፍሬዘርና ኖርተን ደግሞ ሁለቱም አሊን አሸንፈውት ያውቃሉ። የአሊ ድል የከበደው በፎርማን ክብደት ነው።

ይህን ለመረዳት አሜሪካ ድረስ መሄድ ግን አያስፈልግም። ጉና ተራራን ዐልፎ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ፉከራ ከሚያውቅ ሰው አጠገብ መቀመጥ ይበቃል። ፎካሪ የሚፎክረው በጣለው ነው። የጣለው አንበሳ ከሆነ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ይሰማዋል፤ ጥንቸል ገድሎ የፎከረ ግን መሣቂያ ነው። ስለዚህ ብልህ ፎካሪ ባላንጣውን አያሳንስም። የባላንጣውን ጀግንነት ከፍ ባደረገ መጠን የራሱም ከፍ እንደሚል ያውቃልና።

በዚያው በቤጌምድር ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ አንቺም በሚባለው ሜዳ፣ ራስ ጉግሣ ወሌ በ1930 መጋቢት ወር ከንጉሥ ተፈሪ ጦር ጋር ገጥመው ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ የሚነሡት ጊዜው ያለፈበት መስፍን እየተባሉ ነው። እኔ የጉግሣን ፖለቲካ ልከላከል አልተነሣሁም። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅ፦ ያን ያህል ቀላል ባላንጣ ከነበሩ አውሮፕላን ለምን አስፈለገ? መጀመሪያ የውግዘት ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ ከሰማይ ለምን ወረደባቸው? ተሸናፊ የሚመዘነው በመሸነፉ አይደለም፤ አሸናፊው ምን እንዲያወጣ አስገደደው በሚለው ነው። ቴርጋትንም በዚሁ ሚዛን እናስቀምጠው።

በ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ቴርጋት 250 ሜትር ገደማ ሲቀረው ተፈተለከ። ኃይሌ እስከ መጨረሻዎቹ ጥቂት እርምጃዎች ድረስ ሊቀድመው አልቻለም። ሰዓቱን ተመልከቱ፤ ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ። ልዩነቱ 0.09 ሰከንድ ነው! በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች 100 ሜትር ሞሪስ ግሪን አቶ ቦልደንን የቀደመው በ0.12 ሰከንድ ነበር። እንግዲህ 25 ዙር ከሮጡት ሁለት ሰዎች መካከል ያለው ርቀት 100 ሜትር ከሮጡት መካከል ካለው አነሰ ማለት ነው። ቁርስ ማለት ይህ ነው?

«ኃይሌ እኮ በዚያን ጊዜ የተረከዙ ጅማት ታሞ ነበር» ይላሉ። ልክ ነው፤ ታሞ ነበር። ነገር ግን ታሞ ማንን እንዳሸነፈ ካላከበርን ሕመሙን መተረክ ምን ይጠቅመናል?

ሁለተኛው ሚዛን ደግሞ ይህ ሰው ሌላ ቦታ ምን ሠራ የሚለው ነው። ከ1995 እስከ 1999 አምስት ዓመት በተከታታይ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን የሆነው ቴርጋት ነው። በ1995 እና በ1996 በተደረጉት ውድድሮች ኃይሌ ራሱ ተሰልፎ ነበር፤ ዳገቱ ላይና ጭቃው ላይ የቀደመው ያ «ሁልጊዜ ሁለተኛ» የተባለው ሰው ነው። በ2002 የለንደን ማራቶንም ኻሊድ ኻኑሺ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር ቴርጋት በ10 ሰከንድ ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ፤ ኃይሌ ሦስተኛ ነበር። «አሸንፎት አያውቅም» የሚሉ ሰዎች ሩጫ ማለት መም ላይ የሚደረገው ብቻ ነው ካላሉ በቀር ይህን ወዴት ሊያደርሱት ነው?

ሦስተኛው ክብረ ወሰን ነው። በ1997 ኃይሌ ኦስሎ ላይ የ10 ሺህ ሜትሩን ሰዓት 26 ደቂቃ ከ31.32 ሰከንድ አደረሰው። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ቴርጋት ብራስልስ ላይ 26 ደቂቃ ከ27.85 አድርጎ ወሰደበት። ኃይሌም በ1998 ሄንግሎ ላይ 26 ደቂቃ ከ22.75 ሮጦ አስመለሰ። በማራቶንም ታሪኩ ያው ነው። ቴርጋት በ2003 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ገባ፤ ኃይሌ በ2007 በዚያው ከተማ በ29 ሰከንድ አሻሻለው። ኃይሌ ከወጣባቸው ከፍታዎች ሁለቱ ላይ ቴርጋት ቀድሞ ደርሶ የጠበቀው ነው። ባይጠብቀው ኖሮ እዚያ ድረስ ይወጣ ነበር ወይ?

የተቃዋሚዎቼን ዋና ማስረጃ አልሸሽገውም። በትልልቆቹ የመም ውድድሮች ቴርጋት ኃይሌን አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፈም። በ1995 ጎተንበርግ ላይ ሦስተኛ፣ በ1996 አትላንታ፣ በ1997 አቴንስ፣ በ1999 ሴቪያ፣ በ2000 ሲድኒ ላይ ሁለተኛ ነው። የአጨራረስ ፍጥነቱ ከኃይሌ ያንስ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ድክመቱንም ያውቅ ነበር። አትላንታ ላይ አምስት ዙር ያህል ሲቀር ፍጥነቱን ጨምሮ ሌላውን ሁሉ ያራገፈው ለዚህ ነው። ያልተራገፈ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አሁን ያንን አንድ ሰው ከአራቱ ውድድሮች አውጡትና ቁጠሩ፤ ቴርጋት ሁለት የኦሎምፒክና ሁለት የዓለም ሻምፒዮና የወርቅ ሜዳሊያ ያለው ሯጭ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው በየተራው ማስቀረት ነው የኃይሌ ሥራ። ኃይሌ ይበልጣል፤ ፍርዴ ይኸው ነው። ግን የሚበልጠው ከታላቅ ሰው ነው።

ይህ የአንድ ኬንያዊ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልተከራከርሁ። ባላንጣን ማራከስ በሽታችን ሆኗል። አንድ ደራሲ ሲወደስ ሌላው ካልተዋረደ ውዳሴው የሞላ አይመስለንም፤ በፖለቲካውም ተከራካሪን ደንቆሮ ሳንል ክርክር የጀመርን አይመስለንም። ውጤቱ ምንድን ነው? ድላችን ራሱ ታሪክ አልባ ይሆናል። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ እስከ መጨረሻው ኪሎ ሜትር ግድም ጎን ለጎን የሮጠው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር፤ ከአበበ በ25 ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ገባ። ስሙን ስንቶቻችን እንጠራዋለን? ስሙን ስንረሳ ያ ማራቶን አበበ ብቻውን በሌሊት የሮጠው መስሎ ቀረ። ትግሉ ከትዝታችን ጠፋ።

በቴርጋትም ላይ ይህ እንዳይደገም ነው ሙግቴ። ልጆቻችን ስለ ሲድኒ ሲጠይቁን «ኃይሌ አሸነፈ» ብለን ብቻ አናቁም፤ «ቴርጋትን አሸነፈ» እንበል። የጣለውን ሰው ስም መጥራት የሚያፍር ፎካሪ ማንንም እንዳልጣለ ነው የሚቆጠረው።