«አልቀረበም»፦ የኮን ሥራ ፈላጊዎችና የሚያመልጣቸው ቃለ መጠይቅ



መሥሪያ ቤቶች የሥራ ፈተና ውጤት ሲለጥፉ ከዝርዝሩ ውስጥ ቁጥር ያልተጻፈላቸው ስሞች አይጠፉም። በውጤቱ ቦታ «አልቀረበም» ወይም «አልቀረበችም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ሰፍሯል። ያለፈው ይደሰታል፣ የወደቀው ያዝናል፤ ያልቀረበውን ግን የሚያስታውሰው የለም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ሰው ነው። ምሳሌያችን ደግሞ በሰሜን ወሎ የዋድላ ወረዳ ማዕከል የሆነችው ኮን ናት።

በመምህርነት ላይ ሳለን ካስተማርናቸው ልጆች አንዱ የኮን ልጅ ነው። በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጠ። በኋላም ራቅ ባለ ከተማ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ተመዝግቦ የጽሑፍ ፈተናውን አለፈ። ለቃለ መጠይቁ ከሰዓት በኋላ ቢደወልለት ስልኩ ዝግ ነበር፤ የዚያን ቀን መብራት አልነበረም። «ነገ ጠዋት 2:30 ተገኝ» የሚለውን አጭር መልእክት ያየው ከመግሪብ ሶላት በኋላ ነው። ሱብሒን ሰግዶ ወደ መናኸሪያ ወጣ፤ የመጀመሪያዋ መኪና እስክትሞላ ረፈደ። ከተማው ሲደርስ ኮሚቴው ተበትኗል። ምክንያቱን ሲናገር «ታዲያ ሌሎቹ እንዴት ደረሱ?» አሉት። ሌሎቹ የዚያው ከተማ ነዋሪዎች ነበሩ።

ይህን ስንናገር «የምር ሥራ የሚፈልግ ሰው ቀድሞ ሄዶ ያድር ነበር» የሚሉን ብዙ ናቸው። በሌሊት የተላከ መልእክት ላይ ተነስቶ ቀድሞ ማደር እንዴት እንደሚቻል ግን አይነግሩንም። ቀጠሮ ማክበር ግዴታ መሆኑን አንክድም። ቀጠሮ ለማክበር ግን አቅም ያስፈልጋል። አቅሙ የሌለውን ሰው በሰነፍነት መፈረጅ ፍትሕ አይደለም፤ መፍትሔም አያመጣም።

አንድ ሥራ፣ አራት ጉዞ

ከኮን ተነስቶ ወደ ላሊበላም ሆነ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ጋሸናን ይረግጣል። ጋሸና የወልድያ ወረታ መንገድ ላይ የላሊበላ መገንጠያ ናት። በዚህ አካባቢ መኪና የሚነሳው በሰዓት ሳይሆን ሲሞላ ነው። ክረምት ሲሆን የደጋው ጉምና ዝናብ ይጨመርበታል።

ብዙ የሥራ ማስታወቂያዎች ዋናውን ማስረጃ ከፎቶ ኮፒ ጋር ይዞ በአካል መመዝገብን ይጠይቃሉ። ስለዚህ አንዴ ለምዝገባ፣ አንዴ ለጽሑፍ ፈተና፣ አንዴ ለቃለ መጠይቅ፣ ካለፈም አንዴ ለቅጥር መሄድ ግድ ነው። ለከተማ ነዋሪ ይህ የታክሲ ሒሳብ ነው። ለኮን ልጅ ግን በእያንዳንዱ ጉዞ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የአልጋና የምግብ ወጪ አለበት። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ የሚያልቀው ሦስተኛው ጉዞ ላይ ነው፤ እርሱም ቃለ መጠይቁ ነው።

ለእህቶቻችን ደግሞ ችግሩ ይበዛል። አንዲት ወጣት በማታውቀው ከተማ ብቻዋን አልጋ ይዛ እንድታድር ቤተሰቧ አይፈቅድላትም። አባት ወይም ወንድም አብሯት ሲሄድ ወጪው እጥፍ ይሆናል። «አልቀረበችም» ከሚለው ቃል በስተጀርባ አንዳንዴ ያለው ይኸው ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የጸጥታው ሁኔታ አለ። ከ2013 ክረምት እስከ 2014 ታኅሣሥ ሰሜን ወሎ የጦር ሜዳ ነበር፤ ጋሸናም ከባድ ውጊያ ካስተናገዱ ቦታዎች አንዷ ነበረች። ሕዝቡ ከዚያ ሳያገግም በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፣ መንገዶችም በየጊዜው ተዘጉ። የሥራ ማስታወቂያ በቴሌግራም በሚወጣበት ዘመን ኢንተርኔት የሌለው ወጣት ዜናውን የሚሰማው ምዝገባው ካለቀ በኋላ ነው። በቅርብ ያለችው ላሊበላም በኮቪድና በግጭቱ ጎብኚዎቿ ሲቀንሱ ለአካባቢው ወጣት ትከፍተው የነበረው የሥራ በር ጠበበ።

ቅጣት አለ፣ ድጎማ የለም

በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያውቁትን እናንሳ። በእንግሊዝ ሥራ ያጣ ሰው ከመንግሥት ድጎማ ያገኛል። በምላሹ ሥራ ሲፈልግ መቆየቱን ማሳየትና በሥራ ማዕከሉ ቀጠሮ መገኘት አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ከቀረ ክፍያው ይቀነሳል ወይም ለጊዜው ይቆማል። ሥርዓቱ ጥብቅ ነው፣ ብዙ ትችትም ይቀርብበታል። ቢሆንም የቀረው ሰው «ለምን ቀረህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ በቂ ምክንያት ካለው ይታለፋል።

በአገራችን የሥራ አጥነት ድጎማ የሚባል ነገር የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚያውቀው የሥራ ስንብት ክፍያን ነው። እርሱም ሥራ ይዞ ለተሰናበተ ሰው አንዴ የሚከፈል ነው፤ ገና ሥራ ያልያዘውን ተመራቂ አይመለከተውም። በገጠር በ1997 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለሚችል ሰው እርዳታ የሚሰጠው በማኅበረሰብ ሥራ ላይ ሲሳተፍ ነው፤ እርሱም ለምግብ እጥረት እንጂ ለሥራ ፍለጋ የታሰበ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለሥራ አጦችና ለድሆች የሥራ ዕድል የሚያሰፋ ፖሊሲ እንዲከተል ያዛል። ከዚያ አንቀጽ እስከ ኮን መናኸሪያ ያለው ርቀት ግን ረጅም ነው።

ስለዚህ የእኛ ሥራ ፈላጊ የሚቀነስበት ድጎማ ባይኖርም ሲቀር የሚያጣው ሥራውን ራሱን ነው። «ለምን ቀረህ?» ብሎ የሚጠይቀው አካል ደግሞ የለም።

ጥናቶች ምን አሳዩ?

ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ ከመሀል ከተማ ርቀው ለሚኖሩ ወጣት ሥራ ፈላጊዎች የትራንስፖርት ወጪ እየሸፈኑ ውጤቱን ለክተዋል። ወጣቶቹ ማስታወቂያ ወደሚለጠፍበት ቦታ ይበልጥ ተመላለሱ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ካልተደገፉት በለጠ። በሌላ ጥናት ደግሞ ለአመልካቾች አነስተኛ ክፍያ የሰጠ ቀጣሪ የተሻለ ችሎታ ያላቸው ሰዎች እንዳመለከቱለት ታይቷል። ይህ ማለት የመምጫ ገንዘብ በማጣት ከሚቀሩት መካከል ጎበዞቹ አሉ ማለት ነው። ቀጣሪውም ሳያውቀው ይከስራል።

ነገር ግን ገንዘብ ብቻውን አይበቃም። በዚያው ከተማ የትራንስፖርት ድጋፍና የሥራ ማመልከቻ ሥልጠና ጎን ለጎን ተሞክረው ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ ሲታይ የትራንስፖርቱ ውጤት ደብዝዟል። ሲቪ ማዘጋጀትና ለቃለ መጠይቅ መቅረብን የተማሩትና የችሎታ ማረጋገጫ የተሰጣቸው ግን ገቢያቸው ካልሠለጠኑት በአንድ አምስተኛ ገደማ በልጦ ተገኝቷል። ይህ አዲስ አበባ ውስጥ በታክሲ ርቀት የተገኘ ውጤት ነው። ለኮን ልጅ መንገዱ ከዚያ እጅግ ይረዝማልና ሁለቱም ያስፈልጉታል፦ መድረሻ ገንዘብም፣ ከደረሰ በኋላ የሚናገረውም።

ቀጣሪውና አመልካቹ

ከቀጣሪዎች የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የቃለ መጠይቅ ጥሪ ቢያንስ ከ5 ቀን በፊት ይድረስ፤ ስልክ ካልሠራ በተጠባባቂ ቁጥር ይደወል። የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ በተከታታይ ቀናት ቢደረጉ አንድ ሙሉ ጉዞ ይቀንሳሉ። ከሩቅ የሚመጡ የከሰዓቱ ተራ ይሰጣቸው። መንገድ በመዘጋቱ ለቀረ ሰው ሌላ ቀን ይቀጠርለት። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 የምሳ ሰዓት ስለሆነ የጁሙዓ ሰጋጅ አይቸገርም፤ ቃለ መጠይቅ ሲረዝም ግን ይህ ሰዓት እንዳይዘነጋ አደራ እንላለን።

አመልካቹም አደራ አለበት። ሌላ ሥራ አግኝቶ ዝም ብሎ የሚቀር፣ መምጣት እንደማይችል እያወቀ የማይደውል ልጅ አለ። ይህ ከድህነት ጋር የሚያያዝ አይደለም። በቁርኣን በሱረቱል ኢስራእ ቃል ኪዳንን መሙላት ታዘናል፤ በቃል ኪዳንም እንጠየቃለን። አንድ ስልክ መደወል ተጠባባቂ የነበረውን ወንድም ሊያስጠራው ይችላል። «ኢንሻአላህ እመጣለሁ» የምንለው ለመምጣት ቆርጠን እንጂ ለመቅረት በር ለመክፈት አይደለም።

የጀመዓው ድርሻ

መንግሥት ድጎማ እስኪያወጣ ብንጠብቅ ብዙ ልጆች ያረጃሉ። እኛ ግን የተረሳ በር አለን። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ተውባ ዘካ የሚገባቸውን 8 ክፍሎች ዘርዝሯል፤ ከእነርሱም ድሆችና መንገደኛ ይገኙበታል። በሻፊዒይ መዝሀብ መንገደኛ የሚባለው መንገድ ላይ የቀረው ብቻ ሳይሆን ከአገሩ ለተፈቀደ ጉዳይ ሊነሳ ያሰበውም ነው። ሌሎች መዛሂብ መንገድ ላይ የቀረውን ብቻ ይላሉ። በእነርሱም ዘንድ ቢሆን ድሃው ሥራ ፈላጊ በድህነቱ በኩል ይገባል። ኢማም ነወዊም ሙያ ላለው ድሃ የሙያው መሣሪያ መግዣ ከዘካ እንደሚሰጠው ጽፈዋል። ለተመራቂ የሙያው መሣሪያ ዛሬ ምንድን ነው? አንዱ መድረሻ ገንዘቡ ነው። ዝርዝር ፍርዱን የየአካባቢው ዑለማዎች ይዩት።

በአቡ ዳውድ የተዘገበውን የአንሷሩን ሰው ታሪክ ሁላችንም ሰምተነዋል፤ በዘገባው ሰንሰለት ላይ ዑለማዎች ቢነጋገሩም ለትምህርት ይነገራል። ሊለምን የመጣውን ሰው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ንብረቱን ሸጠውለት መጥረቢያ አስገዙት፣ እጀታውን በእጃቸው ገጠሙለት፣ እንጨት እየለቀመ እንዲሸጥ ልከው ከ15 ቀን በኋላ እንዲመለስ ቀጠሩት። ሰውየውም 10 ዲርሃም ይዞ በቀጠሮው መጣ። ብዙዎቻችን ከዚህ ታሪክ የምንይዘው ልመና መጥፎ መሆኑን ብቻ ነው። ልብ ማለት ያለብን ግን መጥረቢያው ከቀጠሮው መቅደሙን ነው። እኛ ልጆቻችንን ያለ መጥረቢያ እየቀጠርን ነው።

ስለዚህ በኮንም ሆነ በሌሎች የወሎ ከተሞች የሚከተለው እንዲሞከር እንጠቁማለን። መስጂዱ ከዘካው ትንሽ ድርሻ ለፈተና መሄጃ ይለይ፤ የጥሪ ማስረጃ ላሳየ ልጅ ደርሶ መልሱን ይክፈል። በወልድያ፣ በደሴና በባሕር ዳር ያሉ ቤተሰቦች ለተፈታኞች፣ በተለይ ለእህቶች፣ የአንድ ሌሊት ማደሪያ ለመስጠት ይመዝገቡ። ወሎ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ይህ አዲስ ነገር አይሆንባትም። ሥራ ላይ ያሉ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ከዐስር ሶላት በኋላ ወጣቶችን ለቃለ መጠይቅ ያለማምዱ። ኮን ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ነው፤ መናኸሪያውም አንድ ነው። ዘካው የራሱ ድንጋጌ ቢኖረውም ሶደቃውና ልምምዱ ለጎረቤት ልጅም ክፍት ይሁን።

ያ ተማሪያችን ዛሬም ማመልከቱን አላቆመም። በሚቀጥለው ጥሪ «አልቀረበም» እንዳይባል የሚያስፈልገው ምክር ብቻ አይደለም፤ የመሄጃ ገንዘብና አንድ የሚያድርበት ቤት ነው። ይህን መስጠት ከአቅማችን በላይ አይደለም።

አላህ ሪዝቃቸውን ያግራላቸው፤ አገራችንን ሰላም፣ መንገዳችንንም ክፍት ያድርግልን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።