ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በገና ዋዜማ ማምሻው ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። ከአትላንታ ልጄ ናት። እኔ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሐል ሰክቼ ዶሮ ወጡን አማስላለሁ።

"እማዬ፣ ሽንኩርቱ ምን ያህል ሲቁላላ ነው በርበሬው የሚገባው?"

"ሲበቃው ነዋ!"

"ሲበቃው በምን ይታወቃል?"

"አንቺ ደግሞ! ሠላሳ ዓመት ሞልቶሽ፣ የልጅ እናት ሆነሽ፣ ይህን አታውቂም?"

ትንሽ ዝም አለችና "መቼ አሳየሽኝ?" አለችኝ። በቁጣ ብትለው መልስ አላጣም ነበር። እሷ ግን የተናገረችው ረጋ ብላ፣ እንደማንኛውም ጥያቄ ነው። "ቆይ፣ ወጡ አረረብኝ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ወጡ አላረረም ነበር።

እውነቷን ነው። በበዓል ሰሞን የእኔ ኩሽና ልጅ አይገባበትም ነበር። አራት ኪሎ ሽንኩርት ተልጦ ተከትፏል፣ ዶሮው ተገንጥሎ በሎሚና በጨው እየታጠበ ነው፣ ነገ በጠዋት እንግዳ ይመጣል። በዚህ መሐል አንዲት ትንሽ ልጅ "እኔ ላማስል" ብላ ስትጠጋ ምን ይባላል? "ውጪልኝ ከዚህ! ትቃጠያለሽ!" ነበር የምላት። ሌላም የማዘወትረው ነገር ነበረኝ፦ "አንቺ ትምህርትሽን አጥኚ።" ይህን ያልኩት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ፤ ከእናንተም ያላለች እናት ብዙ አትገኝም። ልጄም አጠናች። ከክፍሏ አንደኛ ወጣች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ከአገር ወጣች። ዶሮ ወጥ እንዴት እንደሚሠራ ሳታውቅ ሄደች።

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ዶሮ ወጥ አይደለም። ገና አንድ ሳምንት ቀርቶታልና፣ ከልጆቻችሁና ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ልትጋግሩት ስለምትችሉት ቀላል የፍራፍሬ ምግብ ላጫውታችሁ ነው። ኮብለር ይባላል። ወደ እሱ የደረስኩት በዚያ ስልክ በኩል ስለሆነ ነው ከእሱ የጀመርኩት።

ልጄ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ላርሳት ሄድኩ። የገንፎውን ዱቄት፣ የአጥሚቱን እህል፣ ቅቤውን በሻንጣ ሞልቼ ነው የሄድኩት። ወሩ ሐምሌ ነበር። አትላንታ ያለችበት ጆርጂያ "የኮክ ግዛት" እየተባለች ነው የምትጠራው፤ የመኪና ታርጋ ላይ ሳይቀር ኮክ ተስሏል። በከተማዋ ውስጥ "ፒችትሪ"፣ የኮክ ዛፍ ማለት ነው፣ የሚል ስም ያለው መንገድ ከመብዛቱ የተነሳ እንግዳ ሰው ይጠፋበታል። በምርት እንኳ ካሊፎርኒያና ሳውዝ ካሮላይና ይበልጧታል አሉ፤ ስሙ ግን የጆርጂያ ሆኖ ቀርቷል።

ጎረቤቷ በዕድሜ የገፉ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። አራስ ሊጠይቁ ሲመጡ በፎይል የተሸፈነ ትሪ ይዘው መጡ። ገለጥ ሲያደርጉት ከሥር ኮኩ በገዛ ጭማቂው ይንተከተካል፤ ከላይ ደግሞ ወጣ ገባ ያለ፣ ቡናማ የሆነ የሊጥ ጉብታ ተደርድሯል። "ኮብለር" አሉኝ። እኔ የሰማሁት "ኮብልስቶን" ብዬ ነው! ደግሞም ይመስላል፤ ልክ የእኛ ሰፈር መንገድ፣ ድንጋዩ ከተነጠፈ ከሁለት ክረምት በኋላ። ይህን ለልጄ ስነግራት በሳቅ ፈረሰች።

ጣዕሙ ጥሩ ነው። የበለጠ የገረመኝ ግን አሠራሩ ነው። ሌላ ቀን ሴትዮዋ ቤታቸው ጠሩን። ሦስት የልጅ ልጆቻቸው ጠረጴዛውን ከበውታል፤ ትንሹ ቢበዛ አራት ዓመቱ ነው። ሴትዮዋ ፍሬውን አዘጋጁ፣ ሊጡን ለወሱ፣ ከዚያ ተቀመጡ። በቃ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ! ልጆቹ በማንኪያም በጣታቸውም ሊጡን እያነሱ ፍሬው ላይ ይጥላሉ። አንዱ ጋ ይከመራል፣ አንዱ ጋ ባዶ ይቀራል። እጄ አላርፍ አለ፤ ላስተካክለው ተነሳሁ። ሴትዮዋ ክንዴን ያዝ አድርገው አስቀመጡኝና የሆነ ነገር ተናገሩ። "ተይው፣ እንዲያ ነው የሚያምረው ነው የሚሉሽ" አለችኝ ልጄ። ስትተረጉምልኝ ዓይኗን ከልጆቹ ላይ አላነሳችም።

እኔም ያን ዕለት ማታ ሳስበው አመሸሁ። ኬክ አንድ ወገኑ ዝቅ ካለ ያሳፍራል። ድፎ ዳቦ ከተሰነጠቀ ጎረቤት ያያል። ዶሮ ወጥ ከቀጠነማ እስከ ጥምቀት ይወራል። ይህ ምግብ ግን ወጣ ገባ መሆኑ ነው ደንቡ። ልጅ እጁን ቢያገባበት የሚበላሽ ነገር የለውም።

አምና ለገና ልጄ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ መጣች። ትልቋ ስምንት ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን ግማሹን በእንግሊዝኛ ትሞላዋለች። በመጣች በማግስቱ "እማማ፣ ኮብለር እንሥራ" አለችኝ። በገና ኮክ የለም፤ እኛ አገር ኮክ የክረምት ፍሬ ነው። ግድ የለም፣ ኮብለር የተገኘውን ፍሬ ይቀበላል። አንድ አናናስና አምስት ፖም ገዛን። ፖሙን ኮምጠጥ የሚለውን ምረጡ፤ የጨንቻው ከተገኘ እሰየው። ማንጎም ይሆናል። ሙዝ ብቻውን ይሟሟል። ፓፓያ ሞክሬው አልወደድኩትም።

ለስምንት ሰው የሚበቃው እንዲህ ነው። ተልጦና ተቆራርጦ አንድ ኪሎ ያህል የሚሆን ፍሬ፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ትንሽ የተፈጨ ቀረፋ። ብርጭቆ ስል ሩብ ሊትር የሚይዘውን ነው። አናናስ ውሃው ስለሚበዛ አስቀድማችሁ አጥልሉት፤ ጭማቂውን የሚጠጣ አይጠፋም። ሁሉንም አንድ ላይ አድርጋችሁ እሳት ላይ አምስት ደቂቃ ያህል አሙቁት። ይህቺን አትዝለሏት። ሊጡ ቀዝቃዛ ፍሬ ላይ ከወደቀ ላዩ ይበስልና ሥሩ ጥሬ ሆኖ ይቀራል።

ለሊጡ አንድ ብርጭቆ ተኩል የፉርኖ ዱቄት፣ ሩብ ብርጭቆ ስኳር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ቁንጥር ጨው ቀላቅሉ። ከፍሪጅ የወጣ 85 ግራም የገበታ ቅቤ በትንንሹ ቆርጣችሁ ዱቄቱ ውስጥ ጨምሩና ፍርፋሪ እስኪመስል በጣት ጫፍ ማሸት ነው። ይህ የልጅ ሥራ ነው። ቀጥሎ ሦስት አራተኛ ብርጭቆ ወተት ጨምሮ በማንኪያ ማገናኘት ብቻ። አታቡኩት! እኛ የዳቦ ሊጥ መደለቅ ስለለመድን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ከታሸ ይደርቃል። ፍሬውን መጋገሪያ ዕቃ ውስጥ ገልብጣችሁ ሊጡን በማንኪያ በማንኪያ ጣሉበት። ኦቨን ያለው ሰው በ190 ዲግሪ ለ40 ደቂቃ ያህል ይጋግረዋል። ጾሙ ሳይፈታ መቅመስ የሚፈልግ ደግሞ በቅቤውና በወተቱ ፈንታ ሲሶ ብርጭቆ ዘይትና ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ያድርግ። ትንሽ ደረቅ ይላል እንጂ ይበላል።

ቅቤው የገበታ ቅቤ ይሁን ያልኩት በምክንያት ነው። ከአሜሪካ እንደተመለስኩ "ቅቤ ያው ቅቤ ነው" ብዬ በራሴ ንጥር ቅቤ ሠርቼው ነበር። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ ቤቱን አወደው። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ጎረሰና "ዶሮው የታለ?" አለኝ።

ወደ አምናው ልመለስ። በዋዜማው ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል፣ ኦቨኑም እየጋለ ነው። መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ። ዶሮው ጋዝ ላይ ስለነበረ አላሳሰበኝም፤ ኮብለሩ ግን ያለ ኦቨን ምን ይሆናል? ልጅቷ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባለቤቴ በጨለማው ውስጥ ከተቀመጠበት ሆኖ "የናቴ ድፎ ዳቦ በመብራት ነበር እንዴ የሚጋገረው?" አለ።

እንዴት አላሰብኩትም! የአትላንታዋ ጎረቤት ራሳቸው ነግረውኝ ነበር፦ አያታቸው ኮብለር የሚጋግሩት በጥቁር የብረት ድስት፣ ፍሙን ከሥር አድርገው፣ ጠርዝ ባለው ክዳን ላይ ደግሞ ሌላ ፍም አድርገው ነበር። ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት። የእኛው ድፎ ዳቦ ማለት ነው። ኦቨን ከመምጣቱ በፊት እዚያም እዚህም የጋጋሪው ብልሃት አንድ ነበር።

ከሰል በረንዳ ላይ አቀጣጠልን። ሞክሩት ስላችሁ አደራ፣ ከሰሉ ደጅ ይሁን፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል። ልጅቷም ከምድጃው ሦስት እርምጃ ርቃ እንድትቆም አደረግኩ፤ ያ "ትቃጠያለሽ" ያልኩት ነገር ሐሰት አልነበረምና። ሊጡን የጣለችው ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ በሻማ ብርሃን ነው። ወፍራም ድስት መርጬ ፍሬውን ገለበጥኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ቀላል አልነበረም። አንዱን ጉብታ ጡጫ አሳክላ መሐል ላይ አስቀመጠችው፤ "ይሄ የአባባ ነው" አለች። ዝም አልኩ። ጣቷን ላሰች። ጾም ነው፣ ሊጡም ጥሬ ነው፤ ነገር ግን አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ድስቱን ለስለስ ያለ ፍም ላይ ጣድነው፤ በብረት ምጣድ ከደንነውና ምጣዱ ላይ በርከት ያለ ፍም አደረግን። ከሥር የሚሆነው ትንሽ፣ ከላይ የሚሆነው ብዙ ይሁን፤ የፍሬው ስኳር ከሥር ቶሎ ያርራል። ባለቤቴ ማራገቢያውን ይዞ ዘበኛ ሆነ።

እኔ ወደ ዶሮዬ ተመለስኩ። ሽንኩርቱ ገና እየተቁላላ ነበር። ዞር ስል ልጄ ሕፃኑን አቅፋ ኩሽናው በር ላይ ቆማለች። እግሯ ከደፉ አላለፈም። ልክ እንደ ድሮዋ ነው የቆመችው፤ ስምንት ዓመቷ ሳለች በሩን ተደግፋ እንደምታየኝ። በራሷ ቤት ምጣዱን የምታዝ ሴት እኔ ቤት ስትመጣ ከበሩ አታልፍም።

"ነይ ግቢ እንጂ" አልኳት። ሕፃኑን ተቀበልኳትና ማማሰያውን ሰጠኋት።

"ሲበቃው በምን አውቃለሁ?" አለችኝ።

ተቸገርኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አርባ ዓመት ስሠራው በቃል ብዬው አላውቅም። እኔንም እናቴ እያባረረችኝ ነው ያደግኩት፤ የተማርኩት አግብቼ፣ ሁለት ጊዜ አሳርሬ ነው። ድስቱ ላይ ጎንበስ ብለን አብረን አየን። "መጀመሪያ ዓይንሽን ያቃጥልሻል" አልኳት። "ቆይቶ ማቃጠሉን ይተውና አፍንጫሽ ላይ ጣፈጥ ይላል። ውሃው አልቆ ድስቱን ሊይዝ ሲል ጠብ ታደርጊበታለሽ። ቀለሙ እንደ ቀሚስሽ ሲሆን በርበሬውን ትጨምሪያለሽ።" ቡና ዓይነት ቀሚስ ነበር የለበሰችው። በስልኳ ብርሃን ድስቱንም ቀሚሱንም አየችና "ገና ነው" አለች። ገና ነበር።

ኮብለሩ ከ45 ደቂቃ በኋላ ወጣ። ነፋስ በነበረበት በኩል ጠርዙ አርሯል። ስንጥር ወግተን ስናየው ደህና ነው፤ የአባባ ጉብታ ብቻ ውስጡ ለስለስ እንዳለ ቀርቷል። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ጾሙ ተፈትቶ፣ ከዶሮው በኋላ ቀረበ። አሜሪካኖቹ በአይስክሬም ነው የሚበሉት፤ እኛ በቡና በላነው። ባለቤቴ ድርሻውን ከነጥሬው ጨረሰና ሳህኑን ለልጅቷ አሳያት።

ዘንድሮ አይመጡም፤ ፈቃድ አልተገኘም። ባለፈው እሑድ ልጅቷ ደወለች። ዝርዝሩን በእጇ ጽፋለች፤ ዱቄቱን፣ ፖሙን፣ ቅቤውን አንድ በአንድ አነበበችልኝ። ከኋላዋ እናቷ ስለ ሽንኩርት የሆነ ነገር ስትናገር ይሰማኛል። ኦቨናቸው ትልቅ ነው፣ መብራታቸውም አይጠፋም። ልጅቷ ግን አንድ ነገር ጎድሏታል።

"እማማ" አለችኝ፣ "ፍም የትኛው ሱቅ ነው የሚሸጠው?"