ስልኳን ሰጥታ ሜሴጅ ተቀበለች!

ለዛሬ የፍቅሩን ጉዳይ ትንሽ ገለል እናድርገውና ስለ ሞባይል ሽያጭ እናውጋ። በዚህ ሰሞን በኛ ሰፈር በፍቅር ከሚያለቅሰው ይልቅ ስልክ ሲሸጥ ተሸውዶ የሚያለቅሰው ሳይበዛ አይቀርም።

እኔ የምኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ አካባቢ ነው። ድሮ ያገለገለ ስልክ መሸጥ የፈለገ ሰው መርካቶ ወይም መገናኛ ሄዶ ለነጋዴ ያሳይ ነበር። ነጋዴው አገላብጦ፣ ከንፈሩን መጥጦ፣ ግማሽ ዋጋ ይጠራል፤ ሻጩም እየተራገመ ይሰጣል። አሁን ማን ይለፋል? ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ወይም ጂጂ ላይ መለጠፍ ነው፣ አበቃ! ገዢው ራሱ ሰፈር ድረስ ይመጣል። ችግሩ ከገዢው ጋር ሌባውም መምጣቱ ነው።

አንዲት የሰፈራችን ልጅ አለች። የምትሠራው ኬክ ቤት ነው። ለምትከራየው ቤት የሁለት ወር ቅድሚያ ክፈይ ተባለችና ሳምሰንግ ስልኳን 18 ሺህ ብር ብላ ለጠፈች። አንድ ጨዋ የሚመስል ልጅ ደወለላት። «እህቴ» እያለ ነው የሚያናግራት። ዋጋ እንኳ አልተከራከረም። (እኔ ብሆን እዚህ ላይ እነቃ ነበር። በአዲስ አበባ ምድር ዋጋ የማይከራከር ስልክ ገዢ አይታችሁ ታውቃላችሁ?) ከሥራ ስትወጣ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ ጀርመን አደባባይ ተገናኙ። ሲሟን አውጥታ ባለ ቁልፍ ስልክ ውስጥ ከተተች። ልጁ ስልኩን አየው፣ ወደደው፣ «በቃ በባንክ ላስገባልሽ» ብሎ የራሱን ስልክ ነካ ነካ አደረገ። ወዲያው ስልኳ ጢው አለ... «ውድ ደንበኛችን፣ ሂሳብዎ ላይ 18,000 ብር ገቢ ሆኗል» ይላል። አመሰገነችው። እሱም አመስግኗት ታክሲ ውስጥ ገባ።

በማግስቱ ባንክ ስትሄድ ሂሳቧ ላይ ያለው ያው የራሷ 400 ብር ነው! ሜሴጁን ደግማ ስታየው የመጣው ከባንኩ ሳይሆን ከተራ የ09 ቁጥር ነው። ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ሊጽፈው የሚችል ነገር!

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ፋራ ናት» ይላል። እኔ ግን አልስማማም። ሌባው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ሻጭ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ያለውን አንድ ስማርት ስልክ ነው። ሲሙን ወደ ቁልፍ ስልክ ሲያዛውር የባንኩ አፕ አብሮ ከእጁ ይወጣል። ሂሳቡን የሚያይበት የለውም ተብሎ ይታሰባል። መምሸቱ፣ የታክሲ ግፊያው፣ «ልሂድ ቸኩያለሁ» ማለቱ ሁሉ የታሰበበት ነው።

ግን እኮ ማየት ይቻል ነበር! የንግድ ባንክ ሞባይል ባንኪንግ ተመዝጋቢ የሆነ ሰው በቁልፍ ስልክም ቢሆን *889# ደውሎ ቀሪ ሂሳቡን ያያል። ቴሌብር ከሆነ ደግሞ *127# ነው። ሁለቱም ኢንተርኔት አይፈልጉም። ሌላ ባንክ ያላችሁ የባንካችሁን ቁጥር ከቤት ሳትወጡ ሞክሩት። ቀሪ ሂሳባችሁ ከፍ ሳይል ስልኩ ከእጃችሁ አይውጣ! ገዢው የራሱን ስክሪን ቢያሳያችሁ፣ ደረሰኝ በፎቶ ቢልክላችሁ፣ «ኔትወርክ ነው፣ ይገባል» ብሎ ቢምል አትስሙት። ኔትወርክ ከሆነ አብራችሁ ቡና እየጠጣችሁ ጠብቁ። እውነተኛ ገዢ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ዘዴ ይበልጥ ያስቃል፣ ያስለቅሳልም። ሌባው ፎቶአችሁን ወስዶ በራሱ ስም በርካሽ ይለጥፈዋል። እውነተኛ ገዢ ሲደውልለት «ስልኩ ወንድሜ ጋ ነው፣ ላፍቶ ሂድና እየው፤ ስለ ዋጋ ግን ከሱ ጋር አታውራ» ይለዋል። ለእናንተ ደግሞ «የአክስቴን ልጅ እልካለሁ፣ እሱ ስልኩን ብቻ ይይ፣ ብሩን እኔ አስገባለሁ» ይላችኋል። ምስኪኑ ገዢ ስልኩን አይቶ ብሩን ለሌባው ይልካል። ከዚያ እናንተ «ብር አልገባልኝም»፣ እሱ «ከፍያለሁ እኮ» ስትባባሉ ሌባው ስልኩን ዘግቶ ላሽ! ሁለት ንጹሕ ሰዎች አደባባይ ላይ ሲተናነቁ ማየት ነው እንግዲህ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፊት ለፊታችሁ የቆመውን ሰው «አንተ ራስህ ነህ የምትከፍለው? ስንት ነው የተባልከው?» ብላችሁ ጠይቁት።

የሚስጥር ቁጥር ወይም በሜሴጅ የመጣ ኮድ ንገሩኝ የሚላችሁን ስልኩን ጆሮው ላይ ዝጉበት። ገንዘብ ለመቀበል ኮድ አያስፈልግም፤ ስምና የሂሳብ ቁጥር ይበቃል።

ቦታውን በተመለከተ፣ በቀን፣ የራሳችሁ ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ተገናኙ። ገዢው ብሩን በመስኮት ያስገባ፣ ወይም እዚያው ይላክና ሠራተኛዋን ሂሳቤን እዪልኝ በሏት። «ባንክ ቤት አልመጣም» ካለ ገዢ አልነበረም ማለት ነው። ስልኩን «ለጓደኛዬ ላሳየው» ብሎ ራቅ ማድረግም የለም፤ ተመሳሳይ የተሰበረ ስልክ አምጥቶ የሚለዋውጥ አለና።

ሴት እህቶቼ በተለይ ይህን ስሙኝ። ከ18 ሺህ ብሩ በላይ የሚያስፈራኝ ስልኩ ውስጥ የቀረው ፎቶና ቻት ነው። መጀመሪያ የጉግል አካውንታችሁን (አይፎን ከሆነ የአፕሉን) አስወጡ፣ ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ ሪሴት አድርጉ፣ ሚሞሪ ካርዱንም አውጡ። አካውንቱን ሳታስወጡ ሪሴት ካደረጋችሁት ስልኩ ሊቆለፍና ገዢው በማግስቱ እየጮኸ በራችሁ ላይ ሊመጣ ይችላል። ይህን ሁሉ ገዢው መጥቶ ቆሞ እየጠበቃችሁ ሳይሆን ማታ ቤታችሁ ተረጋግታችሁ ሥሩት።

ከመሸጣችሁ በፊት *#06# ብላችሁ የሚወጣውን ባለ 15 አሐዝ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። ከተሸወዳችሁም «አፈረብኝ» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። በዚያው ቀን ያንን ቁጥር፣ የሐሰቱን ሜሴጅና የቴሌግራም ቻቱን ሳታጠፉ ይዛችሁ ቅርብ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ማታለልን ይቀጣል፤ በ2008 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅም አለ። የሰፈራችን ልጅ ቃሏን ለመስጠት የሄደችው በአራተኛው ቀን ነው። ሰው ይስቅብኛል ብላ... በዚያን ጊዜ የልጁ ቁጥር ተዘግቷል፣ የቴሌግራም አካውንቱም ጠፍቷል። ሜሴጁን ግን አላጠፋችውም፣ መርማሪው ቁጥሩን ከዚያ ላይ ገልብጦ ወስዷል።

ሳምንት ወደ ፍቅራችን እንመለሳለን።